ሻዕባን ያላነደደው ጭስ

ለዐስር ሶላት ውዱእ ሊያደርግ ምንጩ አጠገብ ጎንበስ እንዳለ፣ ሻዕባን ውሃው ውስጥ ጭስ አየ። መጀመሪያ ደመና መሰለው። በታኅሣሥ ደመና ከየት ይመጣል ብሎ ቀና ቢል፣ ከበላ ዶሪ ተራራ ራስ ላይ፣ እሱ ብቻ እሳት ከሚያነድበት ከጥቁሩ ድንጋይ ላይ፣ ቀጭን ጭስ እንደ ሽመል ቀጥ ብሎ ቆሟል።

የተራራው ጠባቂ ሻዕባን ነው። ሻዕባን ደግሞ ይኸው ምንጩ አጠገብ ቆሟል። ታዲያ እላይ ያለው ማነው?

ይህን አስቦ ሳይጨርስ ከታች ከመንደሩ ጩኸት ተነሣ። ሴቶቹ "ጭስ! ጭስ!" ይላሉ። አውድማ ላይ ማሽላ ሲወቁ የዋሉት ወንዶች ዱላቸውን እየጣሉ ይሮጣሉ። ሕፃን ያለው ሕፃኑን፣ አሮጊት ያለው አሮጊቱን አዝሎ ሽቅብ ወደ ዋሻዎቹ ይጎርፋል፤ ያውም በሮመዳን፣ በደረቀ ጉሮሮ። ሻዕባን "ተመለሱ!" ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ጭስ ወጥቶ ተመለሱ የሚል ጠባቂ ተሰምቶ አያውቅም። ጠላት እውነት ቢሆንስ? ጦሩን አነሣና ዕድሜውን ረስቶ ወደ ላይ ሮጠ።

እንግዲህ በላ ዶሪን ለማያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ሩጫ ግራ ይሆንበታል። ተራራው ከአሶሳ ወደ ሆሞሻ ሲኬድ በቀኝ በኩል የሚታይ ነው። በላ በበርታዎች ቋንቋ ድንጋይ ማለት ነው። ዶሪ ማን እንደነበር ግን የሚያስታውስ የለም፤ አንዱ መጀመሪያ የሰፈረው አያታችን ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ እዚያ ላይ የጠፋች ፍየል ነበረች ይላል። እስከ ወገቡ ሽመል፣ የቆላ ቀርከሃ፣ ለብሷል። ከወገቡ በላይ ራቁቱን የቆመ ድንጋይ ነው። ራሱ ላይ የወረደ ዝናብ ለሁለት ይከፈላል፤ የምሥራቁ ወደ ዳቡስ፣ የምዕራቡ ወደ ቱማት ይወርዳል። ወንዞቹ በየፊናቸው ብዙ አገር ዞረው መጨረሻቸው ያው ዓባይ ነው። ሽማግሌዎቹ የተጣሉ ወንድማማቾችን ሲያስታርቁ ይህንኑ ዝናብ ምሳሌ ያደርጉታል።

የጥንት አባቶች ከምዕራብ ሲመጡ ሜዳው አፈሩ ለም ነው ብለው ከተራራው ግርጌ ሰፈሩ። ቱርክ ወርቅና ሰው ፍለጋ የመጣው በሜዳው ነው። ከቱርክ በኋላ ደርቡሽም የመጣው በሜዳው ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ማን እንደላካቸው የማይታወቅ ፈረሰኞች መጡ፤ እነሱም በሜዳው። ፈረስ ድንጋይ አይወጣም። ስለዚህ አባቶች ከቱርክ ዘመን ጀምረው ተራራውን ጎተራቸውም ምሽጋቸውም አደረጉት፤ ሕጉንም አወጡ። በተራራው ራስ ላይ ከጠባቂው በቀር ማንም እሳት አይለኩስም። ማር ቆራጭ ቢሆን፣ በበጋ ሣር የሚያቃጥል ቢሆን፣ ማንም። ጭሱ የታየ እንደሆነ ደግሞ "ለምን?" ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጀመሪያ ይሮጣል፣ ኋላ ይጠየቃል።

ሻዕባን ይህን ጥበቃ ከአባቱ ከተረከበ ብዙ ዘመኑ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በክረምት መግቢያ፣ ደርቡሾች በሜዳው ሲመጡ አይቶ እሳት ጫረ፤ እንጨቱ ግን ዝናብ መትቶት ነበር። እፍ ቢል፣ ልብሱን ቀድዶ ቢያቀጣጥል፣ እንጨቱ እንፋሎት እየተፋ እምቢ አለ። ጭሱ ደህና እስኪወጣ ፈረሶቹ መንደር ገቡ። ዘጠኝ ሰው ተወሰደ። ከዘጠኙ አንዷ የገዛ ልጁ ዐፊፋ ነበረች፣ ውሃ ልትቀዳ የወረደች። ማንም "ያንተ ጥፋት ነው" አላለውም። ግን እሱ ያን ግማሽ የጠቆረ ግንድ አልጣለውም። ከድንጋዩ ሥር ደረቅ ቦታ አስቀመጠውና በየቀኑ ሲወጣም ሲወርድም እያየው ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው።

አሁን ደክሞት፣ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ ተራራው ራስ ላይ ሲደርስ ያየው ፈረሰኛ አይደለም። በተራራው ጀርባ የወጡ፣ ጠመንጃቸውን ድንጋይ ያስደገፉ ሃያ የሚሆኑ የደጋ ወታደሮች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። መካከላቸው እሳት ይነድዳል፤ እሳቱ ላይ ሸክላ ድስት ተጥዷል፤ ድስቱ ውስጥ ሽምብራ ይንተከተካል።

ሻዕባን ድስቱን በጦሩ ሶማያ ገፋና እሳቱን በባዶ እግሩ ይረግጠው ጀመር።

"ማነው ይሄ እብድ!" ብሎ ዘለለ ፈንታው የሚባለው ወታደር። "ንፍሮዬን! የነቢያት ጾም ይዤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውዬ ሳበቃ ንፍሮዬን ይድፋው?"

ጠመንጃዎች ተነሡ። ከሃያዎቹ ጋር ለአስተርጓሚነት የመጣ ባቢከር የሚባል የአሶሳ ጨው ነጋዴ ነበር፤ አማርኛውን የለቀመው ከወንበራ ገበያ ነው። እጁን እያወዛወዘ መካከል ገባ።

"ጌታው፣ አትተኩስ! ሰውዬ ጠባቂ ነው። እሳት አጥፋ ይላል። ጭስ የእሱ ነው ይላል።"

"ጭስ የእሱ ነው? ጭስም ባለቤት አለው እንዴ?" አለ ፈንታው። ወታደሮቹ ሳቁ።

አለቃቸው አሻግሬ ግን አልሳቀም። ጢሙ የሸበተ፣ ከወንበራ የመጣ ሰው ነው። የሽማግሌው እግር ፍም ላይ ቆሞ እንዳልተነቃነቀ አይቷል። "እስቲ ዝም በሉ" አለና ወደ ባቢከር ዞረ። "ንገረው። እኛ ክፉ ልንሠራ አልመጣንም። አንድ ፈረንጅ በምሥራቅ ካለው ተራራ ላይ ባለሦስት እግር መነጽሩን ተክሎ የወሰኑን አገር ይለካል። ከነገ ወዲያ ጠዋት ከዚህ ራስ ላይ ትልቅ ጭስ አስነሡ፣ እኔ ከዚያ አይቼ ልኬን እይዛለሁ ብሎ ላከን። የዛሬው የምግብ እሳት ነው። ዋናው ከነገ ወዲያ ነው።"

ባቢከር ተረጎመ። ሻዕባን "ከነገ ወዲያ ትልቅ ጭስ" የሚለውን ሲሰማ ከፍሙ ላይ ወረደ። ከዚያ ያልተጠበቀ ነገር አደረገ፤ አለቃውን እንደ ልጅ እጁን ይዞ ወደ ገደሉ አፋፍ ወሰደው።

ከታች ሰው እንደ ጉንዳን ተሰልፎ በድንጋዩ ስንጥቅ ሽቅብ ይወጣል። ሴቶች በጀርባ ሕፃን፣ በራስ ላይ ወፍጮ ድንጋይ ይዘዋል። አንዲት አሮጊት ወድቃ ሁለት ሰዎች ያነሷታል። ባዶ በቀረው አውድማ ላይ ደግሞ ዝንጀሮዎቹ ከሽመሉ ወጥተው ወርደዋል፤ የዓመት ማሽላ ላይ ተቀምጠው እየተጋበዙ ነው።

"ምን መጣባቸው? ከማን ነው የሚሸሹት?" አለ አሻግሬ።

ሻዕባን መለሰ፤ ባቢከርም ትንሽ አመንትቶ፣ "ካንተ ንፍሮ ነው የሚሸሸው ይላል፣ ጌታው" አለ።

ሻዕባን ግን አላቆመም። ስለ ሕጉ፣ ስለ እርጥቡ እንጨት፣ ስለ ዘጠኙ ሰዎች ተናገረ። ባቢከር እየተከተለ ሲተረጉም አማርኛው ተሰባብሮ፣ ሴቱም ወንዱም አንድ ሆኖ ወጣ። "ልጁ ተወሰደ፣ ጌታው። ስሙ ዐፊፋ። ሴት ልጅ። ውሃ ሊቀዳ ሄደ፣ አልተመለሰም።" በዚህ ጊዜ የሳቀ ወታደር የለም። "አሁን ጭስ ውሸት ሆነ። ሌላ ቀን እውነት ጭስ ሲወጣ ሰው ይቀመጣል። ሰውዬ የሚፈራው ይሄ ነው።"

አሻግሬ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። "በእኛ አገር ደወል ነው" አለ በመጨረሻ። "ያለ ሰዓቱ ከተደወለ እሳት ነው፣ ወይም ሽፍታ ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ ሰካራም ለቀልድ ደውሎ አገሩን ቀሰቀሰው። ከዚያ በኋላ ደወሉ ሲደወል ሁሉም ከመደቡ ላይ ሆኖ 'ደግሞ ያ ሰካራም ነው' ይል ነበር። ካህናቱ ስንት ዓመት ለፍተው ነው ሰውን ወደ ልቡ የመለሱት።" ተነፈሰ። "በሉ፣ ወርጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

ዋሻው አፍ ላይ ሁለት መቶ ምናምን ሰው ተጨናንቆ ነበር። ሻዕባን ጠላት እንደሌለ ነገራቸው። በመጀመሪያ አልሐምዱሊላህ ተባለ፤ ቀጥሎ ዝንጀሮዎቹ ታዩና ቁጣ መጣ። ተንኮለኛ አፍ ያለው ዓብዱልባሲጥ የሚባል ጎረምሳ፣ "እኔ በበኩሌ፣ ያ ዐሚ፣ አጎቴ ሻዕባን፣ የሚቀጥለው ጭስ ሲወጣ ገንፎዬን ጨርሼ፣ ሳህኔን ልሼ ነው የምነሣው" አለ። ሰው ሳቀ። ለሻዕባን ያ ሳቅ ከወቀሳ ይብስ ነበር። የፈራው ቀን ሳይውል ሳያድር መጣ።

ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠው፣ ትልቅ ትንሹ ሐቦባ፣ አያቴ፣ እያለ የሚጠራት ሰዕዲያ፣ ጉልበቷ ተፍቆ ደም ይወርዳታል። ቀና ብላ አየችው። "ሻዕባን፣ ጭስህ ዋሸ?"

"እኔ አላነደድኩትም፣ ሐቦባ።"

"እኛ ከታች የምናየው ጭሱን ነው፣ ልጄ። እጁን ማን ያያል?"

ሕጉ ደግሞ የታወቀ ነው፤ በአያቱ ዘመን አንድ ማር ቆራጭ ላይ ተፈጽሟል። የሐሰት ጭስ ያስነሣ ሰው የሸሸውን ሁሉ ከዋሻው እስከ ደጃፉ ሸክሙን ተሸክሞ ይመልሳል፤ መራመድ ያቃተውን አዝሎ ይመልሳል። ያን ካደረገ ጭሱ ይታረቃል ይባላል። ሻዕባን ጎንበስ አለና የቅርቡን ወፍጮ ድንጋይ አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገ። ፍም በላሰው እግሩም ቁልቁል መራመድ ጀመረ።

"ምን እያደረገ ነው?" አለ አሻግሬ።

ባቢከር ሕጉን ነገረው። "ተራራ የእኔ ነው፣ ቅጣት የእኔ ነው ብሎ ነው ጌታው።"

አሻግሬ ሽማግሌውን አየ፣ ወታደሮቹን አየ። ፈንታው ቀድሞ፣ "እንግዲህ የመንግሥት ወታደር ወፍጮ ሊሸከም ነው?" አለ።

"ንፍሮውን የቀቀለው ማነው?" አለ አሻግሬ።

ፈንታው አቀረቀረ።

አሻግሬ ጠመንጃውን ለባቢከር ሰጠ፣ ወፍጮውን ከሻዕባን ትከሻ ላይ ወሰደና ለፈንታው አሸከመው። እሱ ደግሞ በሰዕዲያ ፊት ጀርባውን ሰጥቶ ተንበረከከ።

እንዲህ ያለ ቁልቁለት በላ ዶሪ አይቶ አያውቅም። ሃያ ወታደር ቅልና ጆንያ፣ ፍየልና ሕፃን ተሸክሞ በድንጋዩ ስንጥቅ ሲወርድ ዝንጀሮዎቹ እንኳ መብላት ትተው ያዩ ነበር ይላሉ። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ አራት ጊዜ ወጥተው ወረዱ። ሰዕዲያ አለቃው ጀርባ ላይ ሆና አፏ አላረፈም።

"ይሄ በቅሎ ደህና ነው፣ ግን አከርካሪው ይወጋል። በላቸው ትንሽ ያብሉት።"

"ምን ትላለች?" አለ አሻግሬ እያለከለከ።

"ጎበዝ ነው ይላል" አለ ባቢከር።

"ይህን ሁሉ ተናግራ ጎበዝ ብቻ?"

መንገድ ላይ ከነገ ወዲያ የሚነሣው ጭስ ነገር እንደገና ተነሣ። አሻግሬ የምሩን ተጨንቋል። ትእዛዙን ካልፈጸመ እሱ ይገረፋል፤ ይህ ብቻ አይደለም፣ ሌላ ሰው ይላካል፣ ያ ሌላው ደግሞ ሳይጠይቅ ያነድዳል። ሻዕባን አጠገባቸው እያነከሰ፣ "ሰውን ሁሉ ቀድሜ ብነግርስ?" ብሎ ራሱን ጠየቀና ራሱ መለሰ። "አይሆንም። 'ይሄኛው ጭስ የውሸት ነው' ብለህ አንዴ ካስተማርክ፣ ሰው ሁልጊዜ የትኛው ነው እያለ ይቀመጣል።"

ሰዕዲያ ከጀርባ ላይ አለቃውን ትከሻውን መታ መታ አደረገችው፤ በቅሎ እንደምታቆም። "ያ ፈረንጅ የሚፈልገው ጭስ ነው ወይስ የሚታይ ነገር?"

ባቢከር ተረጎመ። አሻግሬ ቆመ። "የሚታይ ነገር። ዓይን የሚይዝ ነገር።"

"ጨረቃ ነገ ማታ ከታየች ከነገ ወዲያ ዒድ ነው። ሰው ሁሉ ነጭ ይለብሳል። ጥቁር ድንጋይ ላይ ሁለት መቶ ሰው ነጭ ለብሶ ቢቆም የማያይ ፈረንጅ ከሆነ፣ መነጽሩን ሸጦ ፍየል ይግዛበት።"

ሻዕባን ደነገጠ። በእሱ ዘመን ከመንደሩ ሰው ከጠባቂው በቀር በተራራው ራስ ላይ የቆመ የለም፤ ያ ቦታ የእሱና የዚያ የጠቆረ ግንድ ነበር። ሰው ሁሉ መጥቶ ግንዱን ያየዋል። ደጃፍ ሲደርሱና ሰዕዲያ ከጀርባ ስትወርድ ግን፣ "ይሁን" አለ። "ሰው ይውጣ። እሳት ግን አይውጣ።"

በማግሥቱ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሻዕባንና አሻግሬ ተራራው ራስ ላይ ቆመው ምዕራቡን ያዩ ነበር። ከበጋው ሣር ቃጠሎ የተነሣ አድማሱ ጉም ለብሷል። ጨረቃ ካልታየች ጾሙ አንድ ቀን ይጨምራል፤ ነገ ጠዋትም ነጭ ልብስ የለም። ፀሐይ ጠለቀች። ምንም የለም።

አሻግሬ በባቢከር በኩል፣ "አየሁ ቢልስ? አንድ ቀን ነው፤ ማን ያውቃል?" አለ።

ሻዕባን ፈገግ አለ። "ጭሱ ዋሸ ተባልኩ፣ አሁን ደግሞ ጨረቃዋን ላስዋሻት?"

አለቃው አፈረና አንገቱን ደፋ። ወዲያው ደግሞ፣ አሻግሬ የደፋውን አንገት ሳያቀና፣ ሻዕባን ክንዱን ጨበጠው። ከጉሙ በላይ፣ እንደ ተቆረጠ ጥፍር የቀጠነች፣ ለአፍታ ብቅ አለች። "ታየኝ" አለ ሻዕባን። ባቢከርም "ለእኔም ታየኝ" አለ። "ለእኔም" አለ አሻግሬ፤ ከዚያ ሳቀ፤ የእሱ ምስክርነት እንደማይቆጠር ያውቃል።

በዒዱ ጠዋት ሰው ሁሉ በስንጥቁ ወጣ። ነጭ የሌለው ከጎረቤቱ ተዋሰ፤ ከጎረቤትም ያጣ ከወታደሮቹ ነጠላ ወሰደ። የነቢያት ጾሙን ገና ያልፈታው ፈንታው ጋቢውን ለዓብዱልባሲጥ አልብሶ እሱ በብርድ ይንዘፈዘፍ ነበር። ፀሐይ ከምሥራቅ ስትወጣ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰው በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ተሰልፎ ፊቱን ወደ ቂብላ አደረገ፤ አብረው ሲቆሙ፣ ሲጎነበሱ፣ ሲሰግዱ ተራራው ራሱ የሚነሣና የሚወድቅ ይመስል ነበር። ሶላቱ አልቆ ሰው ሲተቃቀፍ፣ ሩቅ በምሥራቁ ተራራ ላይ ቀጭን ጭስ ተነሣ። አየሁ የሚል የፈረንጁ መልስ ነው።

አንድ ሕፃን "ጭስ!" ብሎ ጮኸ።

"ያ የሰው ተራራ ነው" አለች ሰዕዲያ። ሰው ሳቀ።

ዓብዱልባሲጥ ግን አልሳቀም። ከአፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያያል። ከዚህ ከፍታ ቤታቸው የአውራ ጣት ያህል ነው። ከዚያ ድረስ የሚታይ ጭስ ብቻውን የሚያነሣ ሰው ምን ያህል መቸኮል እንዳለበት ያሰበ ይመስላል። ዞር ሲል ከድንጋዩ ሥር ግማሽ የጠቆረውን ግንድ አየ፤ ታሪኩን ሰምቶ ያደገ ነውና ምንድነው ብሎ አልጠየቀም። "ያ ዐሚ፣ ደረቁን እንጨት የት ነው የምታኖረው?" አለ ቀስ ብሎ። ሻዕባን የእንጨቱን ዋሻ አሳየው። ጎረምሳው ዋሻውን ገብቶ አየና፣ "ጣራው ያፈሳል" ብሎ ወጣ።

ወታደሮቹ በዚያው ቀን ሄዱ። አሻግሬ ሲሰናበት ከሻዕባን ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሳሳመ። ፈረንጁም በወረቀቱ ላይ ነጥብ አድርጎ ሄዷል ይባላል። ነጥቧ ሰው መሆኗን ያወቀ አይመስልም።

ግንቦት መጣ፣ ዝናብ ጀመረ። አንድ ጠዋት ሻዕባን ከተራራው ራስ ላይ ሆኖ ሜዳውን ሲያይ፣ ከረጅሙ ሣር ውስጥ ቆቆች እየተንጫጩ ተነሡ። ትንሽ ቆይቶ ወደ መንደሩ ቀረብ ብሎ ሌላ መንጋ ተነሣ። ሣሩ ውስጥ የሚሄድ ነገር አለ፤ የሚሄደውም በሰልፍ ነው። ወደ እንጨቱ ዋሻ ሮጠ። በበጋ በጭቃ የደፈነው ጣራ እንደገና አፍስሶ ኖሯል፤ እንጨቱ ሁሉ ርሷል።

ያ ቀን እንደገና መጣ።

ከዚያ ዓይኑ ከድንጋዩ ሥር አረፈ። አሥራ ሁለት ዓመት ጠብታ ያልነካው ግንድ። እጁን ሲጭንበት እንደ አጥንት ደርቋል። "ዐፊፋ፣ እርጂኝ" አለና ድንጋይ ላይ ጥሎ ሰነጠቀው፤ ክብሪቱን ጫረ። እንጨቱ ሳያንገራግር ያዘ። በላዩ እርጥብ ቅጠል ሲጨምርበት ነጭ ጭስ ወፍሮ፣ ተጠቅልሎ፣ ሰማይ ነካ።

አሁን የቀረው ማየት ነው። መንደሩ ጸጥ እንዳለ ነው። "ይቀመጣሉ" አለ በልቡ። "የትኛው ነው እያሉ ይቀመጣሉ።"

የመጀመሪያው በር ተከፈተ፤ ሁለተኛው፤ ከዚያ ሁሉም።

ወርዶ ስንጥቁ አፍ ላይ ቆሞ ቆጠራቸው፤ ሁልጊዜም ይቆጥራል። በመጀመሪያ የደረሰው ዓብዱልባሲጥ ነው። ሐቦባ ሰዕዲያን አዝሏል፤ ጉንጩ እንደ ቅል አብጦ አፉ አይናገርም፤ የጎረሰው ገንፎ ገና አልተዋጠም። ሻዕባን ይህን ባየ ጊዜ ፊቱን ወደ ድንጋዩ አዙሮ በክንዱ ዓይኑን ጠረገና መቁጠሩን ቀጠለ። በሣሩ የመጡት ፈረሰኞች ባዶ ቤት ዞረው፣ ዶሮ ይዘው በመጡበት ሄዱ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት። አንድም አልጎደለም።

ሰዕዲያ ከጎረምሳው ጀርባ ወርዳ ወገቧን ይዛ ቆመች።

"ያ የወንበራው በቅሎ ይሻል ነበር" አለች። "ይሄኛው እያላመጠ ነው የሚወጣው።"